ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። ለ23 ዓመታት በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአጥቂነት ተጫውተዋል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አሰልጥነዋል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ስማቸው በአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ውስጥ በተለይ ከሁለት ጥያቄዎች ጋር ተያይዞ ይነሣል። የመጀመሪያው አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ውስጥ ሊኖራት የሚገባው ድርሻ ነው፤ አህጉሪቱ የተሻለ ድርሻ እስኪሰጣት ድረስ አልጫወትም ብላ ስትቆም ከእምቢታው መሪዎች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ሁለተኛው አንድ አፍሪካዊ ተጫዋች የተሻለ ውልና ደመወዝ ፍለጋ ከአገሩ ሲወጣ የሚነሣው ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ያሰቡት ተሳክቷል። በሁለተኛው ግን የእርሳቸው ትውልድ ያወጣው ገደብ እርሳቸው በፕሬዚዳንትነት እያሉ ተነሥቷል።

ልደትና ቤተሰብ

ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ቀን ጅማ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በዘፈናቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሲሆን፣ በዚህም ድምፃቸው በሸክላ ከተቀረጸ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው እንደሆኑ ይነገራል። ልጃቸው ግን ስማቸውን የተከሉት በሙዚቃ ሳይሆን፣ በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ገና እንግዳ በነበረው በእግር ኳስ ነው።

የተጫዋችነት ዘመን

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ አራዳ ሰፈር ሲመሠረት ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ክለቡ እንደተመሠረተ ብዙም ሳይቆይ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። የወረራው አስተዳደር የአገሬውን ተወላጆች ቡድኖች ከኢጣሊያኖቹ ለይቶ እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ አደረገ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እንዲባል ተገደደ። ይድነቃቸው የልጅነት የጨዋታ ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህ ሁኔታ ነው። በቀለም ተለይቶ መጫወት ምን ማለት እንደሆነ ያወቁት ከሌላ ሰምተው ሳይሆን በራሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። በኋላ በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ላይ የያዙት የማይበገር አቋም ከዚህ የሕይወት ልምድ ጋር አብሮ ይታያል።

ከነጻነት በኋላ የአዲስ አበባ እግር ኳስ በከተማዋ በሚኖሩ ማኅበረሰቦች ዙሪያ ተደራጀ። በ1936 ዓ.ም. በተጀመረው ውድድር ላይ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የኢጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ተጫውተዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢጣሊያኖች ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይሰለፍ የተከለከለው ክለብ አሁን ከእነርሱ ጋር በእኩል ሕግ ይጋጠም ጀመር።

ይድነቃቸው እስከ 1950 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ቆዩ። በእነዚህ 23 ዓመታት ውስጥ 365 ጨዋታዎች አድርገው 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ ይመዘገባል። ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ዘመኑ የአማተር ዘመን ነበር። ተጫዋች ከክለቡ ጋር የሚፈራረመው የሥራ ውል አልነበረም፤ ኑሮውን የሚደጉመው በሌላ ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላም ቢሆን ብዙዎቹ ጠንካራ ክለቦች የጦር ሠራዊቱ፣ የክቡር ዘበኛው፣ የፖሊሱ ወይም እንደ ድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ያሉ ድርጅቶች ስለነበሩ፣ የተጫዋቹ ደመወዝ የወታደር፣ የፖሊስ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ክለቡን ልቀቅ የተባለ ወይም ልልቀቅ ያለ ሰው ከኳሱ ጋር እንጀራውንም የሚያጣበት ጊዜ ነበር።

ከፌዴሬሽን ምሥረታ እስከ ካርቱም

ይድነቃቸው ገና በተጫዋችነት ላይ እያሉ ወደ አስተዳደሩ ገቡ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1935 ዓ.ም. አካባቢ ሲቋቋም ከግንባር ቀደም አደራጆቹ አንዱ ነበሩ፤ በኋላም በዋና ጸሐፊነት አገልግለዋል። ኢትዮጵያ በ1940ዎቹ አጋማሽ የፊፋ አባል ስትሆን በዚያን ጊዜ በድርጅቱ ውስጥ የነበሩት ነጻ የአፍሪካ አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ካርቱም ላይ ተሰብስበው ካፍን መሠረቱ። ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ተካሄደ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጫወት ዕጣ ደርሷት ነበር። ይሁንና የደቡብ አፍሪካ ማኅበር ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አላሰልፍም አለ፤ ከውድድሩም ወጣ። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አዲሱ ድርጅት በተወለደበት ወር በመርሕና በምቾት መካከል መምረጥ ግድ ሆኖበት መርሑን መረጠ። ይህ ምርጫ ከአራቱ መሥራቾች አንዱን አሳጥቶታል።

የ1954ቱ ዋንጫ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ይድነቃቸው የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ነበሩ፤ ከዩጎዝላቪያ የመጣው ስላቭኮ ሚሎሼቪችም አብሮ ሠርቷል። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 13 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፅ ሁለት ጊዜ ብትመራም ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረገች፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች 4 ለ 2 አሸነፈች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ይህ እስከ ዛሬ ኢትዮጵያ ያገኘችው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ነው።

የአህጉሪቱ እምቢታ

በ1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) መጀመሪያ ፊፋ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዝ ለሚካሄደው የዓለም ዋንጫ የቦታ ድልድሉን አሳወቀ። ከ16ቱ ቦታዎች 10ሩ ለአውሮፓ፣ 4ቱ ለደቡብ አሜሪካ፣ 1ዱ ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ተሰጡ። የቀረውን አንድ ቦታ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺኒያ እንዲሻሙበት ተባለ። አፍሪካ ውስጥ ሁሉን አሸንፎ የወጣ ቡድን እንኳ ከእስያና ኦሺኒያው አሸናፊ ጋር ሌላ ማጣሪያ ካላለፈ እንግሊዝን አያይም ነበር።

በዚያን ጊዜ የአፍሪካ አገሮች አንድ በአንድ ነጻነታቸውን አግኝተው ወደ ፊፋ እየገቡ ነበር። የጋናው የስፖርት መሪ ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው ተሰማ ድልድሉ ኢፍትሐዊ ነው በማለት ተቃውሞውን አስተባበሩ። ከድልድሉ ሌላ ፊፋ በ1955 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካን እገዳ ማንሣቱም የቅሬታው ምክንያት ነበር። ካፍ ለአፍሪካ ብቻ የሚሆን አንድ ቦታ ካልተሰጠ በማጣሪያው እንደማይሳተፍ አስታወቀ፤ የተመዘገቡት 15 የአፍሪካ ቡድኖችም፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ከውድድሩ ወጡ። ፊፋ የገንዘብ ቅጣት ጣለ፤ የዓለም ዋንጫውም ያለ አፍሪካ ተካሄደ። ማንም ባልጠበቀው ቦታ ሰሜን ኮሪያ አውስትራሊያን በማጣሪያ አሸንፋ እንግሊዝ ገባች።

የእምቢታው አካሄድ በተጫዋቾችና በክለቦች መካከል ከሚታየው የውል ክርክር ጋር ይመሳሰላል። ደካማው ወገን ያለው ብቸኛ አቅም ጉልበቱን መከልከል ነው። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ተመሳሳይ ነገር በግለሰቦች ደረጃ ይካሄድ ነበር። የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር የሥራ ማቆም አድማ እንደሚጠራ አስጠንቅቆ፣ በሳምንት 20 ፓውንድ የነበረው የደመወዝ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በጥር 1961 እንዲነሣ አደረገ። የኒውካስሉ ጆርጅ ኢስተም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ዝውውር ተከልክሎ አልጫወትም በማለት ከሜዳ ርቆ ሌላ ሥራ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1963 ፍርድ ቤት ውሉ ያለቀ ተጫዋችን ክለቡ ይዞ የሚያስቀርበትን ሥርዓት አግባብ ያልሆነ የሥራ ነጻነት ገደብ ነው ብሎ ፈረደለት።

በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ኢስተም የከፈለው ዋጋ የራሱን ነበር። በአፍሪካው እምቢታ ግን ውሳኔውን ያሳለፉት መሪዎች ሲሆኑ ዋጋውን የከፈሉት ተጫዋቾች ናቸው። ጋና እ.ኤ.አ. በ1963ና በ1965 የአፍሪካ ዋንጫን በተከታታይ ያነሣ ቡድን ነበራት፤ ያ ትውልድ ዓለም ዋንጫ ሳይጫወት አለፈ። ከአራት ዓመት በፊት የአፍሪካ ሻምፒዮን የነበሩት የኢትዮጵያ ተጫዋቾችም እንዲሁ።

ውጤቱ ግን ብዙ አልዘገየም። ፊፋ ለቀጣዩ ውድድር ለአፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሞሮኮ በዚህ ቦታ ሜክሲኮ ገባች። ከዚያ ወዲህ አፍሪካ ያልተወከለችበት የዓለም ዋንጫ የለም።

የካፍ ፕሬዚዳንትነት

ይድነቃቸው ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የካፍ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ከሠሩ በኋላ በ1964 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበር። የካፍ አባላት በመብዛታቸው የአፍሪካ ድምፅ በፊፋ ጉባኤ ላይ ሚዛን የሚያጋድል ሆኖ ነበር። በሰኔ 1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በተደረገው ምርጫ ብራዚላዊው ዦአዎ አቬላንዥ እንግሊዛዊውን ሰር ስታንሊ ራውስን ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። አቬላንዥ ለታዳጊ አገሮች ተጨማሪ ቦታ እንደሚከፍቱ ቃል ገብተው ነበር። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ከፊፋ ተባረረች፤ የዓለም ዋንጫው እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ 24 ቡድኖች ሲሰፋም የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ። በዚያ ዓመት አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ካሜሩንም ሳትሸነፍ ከምድቧ ወጣች።

በኢትዮጵያ ንጉሣዊው ሥርዓት ወድቆ ደርግ ሥልጣን ሲይዝም ይድነቃቸው በካፍ ኃላፊነታቸው ቀጠሉ። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባና ድሬዳዋ የአፍሪካ ዋንጫን አስተናገዱ። ይሁንና የአህጉሩ እግር ኳስ ሲያድግ የኢትዮጵያ ቡድን ወደ ኋላ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1982 በሊቢያ በተካሄደው ዋንጫ ከተሳተፈ በኋላ እስከ 2013 ድረስ ለ31 ዓመታት ወደ ውድድሩ አልተመለሰም።

የተጫዋቾች ፍልሰትና የውል ጥያቄ

አፍሪካውያን ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መሄድ የጀመሩት ከነጻነት በፊት ነው፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ፈረንሳይና ፖርቱጋል ከያዟቸው አገሮች ተጫዋቾችን ወስደው ለራሳቸው ብሔራዊ ቡድን ያሰልፉ ነበር። ከነጻነት በኋላ ጉዞው በውል መልክ ቀጠለ። ካፍ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ በውጭ አገር ከሚጫወቱ ተጫዋቾች ከሁለት በላይ እንዳያሰልፍ ወሰነ። አንዳንድ መንግሥታትም የራሳቸውን ገደብ አወጡ፤ ለምሳሌ በአልጄሪያ 28 ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ወደ ውጭ ክለብ እንዳይሄድ ተከልክሎ ነበር።

ይድነቃቸው የዚህ አመለካከት ጠንካራ ደጋፊ ነበሩ። ክርክራቸው በአጭሩ እንዲህ ነበር። አፍሪካ ተጫዋቹን አሳድጋ፣ ልክ ሊያፈራ ሲል የአውሮፓ ክለብ ይወስደዋል። አገር ቤት የሚቀረው ተመልካች ባዶ ሜዳ ያያል፤ ክለቡ ገቢ ያጣል፤ ብሔራዊ ቡድኑም ልጆቹን ለውድድር ሲፈልጋቸው ፈቃድ የሚለምነው ከባዕድ አሠሪ ነው። በእርሳቸው ዓይን ጉዳዩ ከቡናና ከማዕድን ንግድ የተለየ አልነበረም፤ አፍሪካ ጥሬውን አቅርባ ትርፉን ሌላ ይወስዳል የሚል ነበር።

ከተጫዋቹ ወገን ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው፤ ጉልበቱ የሚሸጥበት ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆን ነው። አገር ቤት ያለው ክለብ ውል የማይሰጠው፣ ሲጎዳም የማያሳክመው ከሆነ፣ ቅር ብሎ ለአገር ክብር መጫወት ብቻ ቤተሰብ አያሳድግም። የማሊው ሳሊፍ ኬይታ ለዚህ የሚጠቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ከባማኮ ወጥቶ ወደ ፈረንሳዩ ሴንት ኤትየን ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የአፍሪካ ኮከብ ተጫዋች ሽልማት ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆነ። በኋላ ማርሴይ ሲጫወት ክለቡ የፈረንሳይ ዜግነት እንዲወስድ ቢጫነው አልቀበልም ብሎ ወደ ስፔኑ ቫሌንሲያ ሄደ። በውጭ አገር መጫወት አገርን መካድ ማለት እንዳልሆነ ያሳየ ሰው ነው።

ሁለቱን ሐሳቦች ለማስታረቅ የሚከብደው፣ የይድነቃቸው ክርክር በአህጉር ደረጃና በግለሰብ ደረጃ የተለያየ ትርጉም ስለሚይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አፍሪካ ተገቢው ድርሻ ካልተሰጠኝ አልጫወትም ስትል መብቷ ነበር። ተጫዋቹ ለራሱ ያንኑ ሲል ግን ገደብ ገጠመው። በሌላ በኩል ደግሞ ካፍ ገደቡን ያወጣው ተጫዋችን ለመጉዳት ሳይሆን የአገር ውስጥ ውድድሮች እንዳይደርቁ ነው። አገር ቤት ጠንካራ ክለብ ከሌለ ተጫዋቹ ለመደራደር የሚያነሣው ሌላ አማራጭ አይኖረውም፤ ከባሕር ማዶ የመጣለትን የመጀመሪያ ውል፣ የቱንም ያህል ዝቅተኛ ቢሆን፣ መፈረም ግድ ይሆንበታል።

እ.ኤ.አ. በ1982 የሁለት ተጫዋቾች ገደብ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የተሰለፉት ብሔራዊ ቡድኖች ከዓመት ወደ ዓመት በውጭ በሚጫወቱ ልጆች እየተሞሉ ሄዱ። ይድነቃቸው ገደቡ ከተነሣም በኋላ ስለ ፍልሰቱ ማስጠንቀቃቸውን አላቆሙም።

ኅልፈትና ቅርስ

ይድነቃቸው ተሰማ 66 ዓመት ሊሞላቸው ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀራቸው፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሕመም ዐረፉ። ካፍን ለ15 ዓመታት መርተዋል። ሱዳናዊው አብደልሐሊም መሐመድ በጊዜያዊነት ከተኳቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ካሜሩናዊው ኢሳ ሐያቱ ተመረጡ።

እርሳቸው ካለፉ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ እንዲሄድ ፈረደ፤ በአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ላይ የነበረው የቁጥር ገደብም ቀረ። የተጫዋቾች ገበያ በዚህ ተስፋፍቶ የአፍሪካውያን ጉዞ በረታ። ካፍ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2009 በየአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበትን የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) ጀመረ። ይህ ውድድር ማንንም ከመሄድ ሳይከለክል የቀረውን የሚያስከብር በመሆኑ፣ ይድነቃቸው ያነሡትን ሥጋት በሌላ መንገድ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

በኢትዮጵያም ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምቴ ያሉ ክለቦች ዛሬ ተጫዋቾቻቸውን በፊርማና በውል ይይዛሉ። በ2011 ዓ.ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ሲስማሙ፣ እንግሊዞች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የጨረሱት የሚመስል ክርክር በአማርኛ እንደገና ተጀመረ፤ ክለቡ ከአቅሙ በላይ እንዳይከፍል መጠበቅና ተጫዋቹ የሚገባውን እንዲያገኝ ማድረግ እንዴት አብረው ይሄዳሉ የሚለው ጥያቄ ነው። ያለ ውል ለ23 ዓመታት የተጫወቱት፣ በኋላም አንድ አህጉር ድርሻዋን ሳትቀበል ሜዳ እንዳትገባ ያስተባበሩት ሰው ታሪክ፣ ለዚህ ጥያቄ ሁለቱንም ወገኖች የሚያሳይ ሆኖ ይቀራል።